አጎቴን የመሰለችው ልጄ

እናቴ ያገባችው ወንድሟን ይዛ ነው። የአባቴ ወገኖች ለጥያቄ ሽማግሌ ሲልኩ እናቷ ከሞተች በኋላ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟም ገና በእጇ የሚያድግ ልጅ ነበር። በአባቷ በኩል አንድ ነገር ብቻ አስነገረች፤ ወንድሜ አብሮኝ የማይሄድ ከሆነ እኔም ከዚህ ቤት አልወጣም። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ስለማያውቁ ሊመካከሩ ወደ ደጅ ወጡ ይባላል። አባቴ ግን ሲነገረው ብዙም አላሰበበትም። ልጆች ሳለን ያን ቀን ሲያነሳልን ይስቅ ነበር። "አንድ ሰው ጠይቄ ሁለት ሰጡኝ" ይለናል።

ያ ሁለተኛው ሰው አጎቴ ነው።

እንኖር የነበረው ከሞላሌ ከተማ ትንሽ ወጣ ባለ መንደር ነው። አባቴ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ እርሻው ሲያርፍ ደግሞ ባና ይሸምናል። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ የመንዝን ብርድ ያለ እሱ ማደር ከባድ ነው። ፀጉሩን የምትፈትለው እናቴ ናት። ተሸምኖ ያለቀው ባና ደግሞ በሙቅ ውሃ ተነክሮ እስኪጠብቅ ድረስ በእግር መረገጥ አለበት፤ ይህ ሥራ የአጎቴ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሰማውን ዜማ ግማሹን እየዋጠ ሲረግጥ ይውላል። ሌላ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል፤ እሱ ግን በቃ ካላሉት ከገንዳው አይወጣም። ቅዳሜ ባናውን ትከሻው ላይ ጭኖ ከአባቴ ጋር ገበያ ይሄዳል። በገበያው እሱን የማያውቅ ነጋዴ አልነበረም።

አጎቴ አጭር ነው። አንገቱ ወፍራም፣ ፊቱ ጠፍጠፍ ያለ፣ ዓይኖቹ በጆሮው በኩል ቀና ያሉ ናቸው። መዳፉን ሲዘረጋ እንደ እኛ ብዙ መስመር የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። ምላሱ ለአፉ የሰፋ ስለሚመስል ንግግሩ ላልለመደው ሰው ያስቸግራል። እኔና ታናሽ እህቴ ግን አፋችንን የፈታነው ከእሱ ጋር ስለሆነ አንድም ነገር አያመልጠንም ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰሞን መምህሬ ቃል ለምን ትውጫለሽ እያለ ሲገስጸኝ ነው እንደ አጎቴ እንደማወራ ያወቅሁት።

መንደሩ ይወደው ነበር። የዋህ ነው፣ የእግዜር ሰው ነው ይሉታል። ለምን እንዲህ ሆኖ እንደተወለደ ሲጠየቅ ግን ሰዉ ሁሉ የሚሰጠው አንድ መልስ ነበር። እናቱ እርጉዝ ሳለች ቀትር መትቷታል ይባላል። በእኛ አገር እርጉዝ ሴት በቀትር ብቻዋን ወንዝ አትወርድም፤ በዚያ ሰዓት ውሃ ዳር የሚያርፍ ነገር አለ ተብሎ ይፈራል። ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ሥራ ትፈልግ ነበር። የእናቷ ነገር ሲነሳ ሆድ ስለሚብሳት ይመስለን ነበር።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመምህርነት ሥልጠና ወስጄ ሞላሌ ተመደብኩ፤ የዘመሮ ከተማ ልጅም አገባሁ። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው በግ ነው። የትኛው አውራ ከየትኛዋ እናት በግ ቢዳቀል የተሻለ ፀጉር ይገኛል እያለ ከገበሬው ጋር ሲሟገት ይውላል። አጎቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደደው፤ በግ የሚወድ ሰው ሁሉ ለእሱ ዘመድ ነው።

የመጀመሪያው እርግዝናዬ ሦስተኛ ወሩ ላይ ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ይህ በብዙ ሴት ይደርሳል ብላ አጽናናችኝ፤ አማቴ ጠበል ወሰዱኝ። እናቴ ግን ቤቴ መጥታ ጎኔ ተቀመጠችና እሷም ከእኔ በኋላ፣ ከእህቴም በፊት፣ እንዲሁ እየሆነባት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ስለዚህ ነገር አውርታ አታውቅም። እንደምትወልጂ አውቃለሁ አለችኝ፤ እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኋትም።

ሦስተኛው እርግዝና ጸና። ሴት ልጅ ወለድኩ።

እናቴ ሕፃኗን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻት። ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ፊቷን አየች፣ የተጨበጠችውን እጅ በጣቷ ከፍታ መዳፏን አየች። መልሳ ሸፈነቻትና የእግሯን ጫፍ ስማ ሰጠችኝ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን እኔም አይቻለሁ። ያ ፊት አብሮኝ የኖረ ፊት ነው።

አጎቴ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እጁን ታጥቦ፣ በዓል ሲሆን ብቻ የሚያደርጋትን ኮፍያ አድርጎ መጣ። አማቴም ነበሩ። ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀመጥንለት። ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ የራሱን ዓይን በጣቱ ነካ፣ የእሷን ነካ፤ የራሱን አፍንጫ ነካ፣ የእሷን ነካ። ቀና ብሎ እናቴን አያትና "እኔ" አላት።

አማቴ "እኔን" ያለ መሰላቸው፤ ሰው ሁሉ ሕፃን ሲያይ የሚለው ነው። አሜን፣ እኔን ያስቀድመኝ ብለው መለሱለት። እኔና እናቴ ግን የሰማነው ሌላ ነው። እናቴ ገንፎውን ላማስል ብላ ወጣችና ቆይታ ተመለሰች።

ባለቤቴ የሆነውን ለመቀበል ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። አልተቆጣም፣ እኔንም አልራቀኝም። ግን ሥራ ውሎ ሲገባ ልጅቷን ከማንሳቱ በፊት ደጃፉ ላይ ትንሽ ይቆማል። አንድ ቀን እንዲህ ሲቆም አጎቴ እኛ ቤት ነበር። ልጅቷን አንስቶ ሄደና ደረቱ ላይ አስደገፈለት፤ እንዴት እንደሚይዛትም የባለቤቴን ክንድ አጥፎ አሳየው። አንገቷ እንዳይወድቅ እጁን ከሥር አስገባለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃፍ ላይ መቆሙ ቀረ።

ልጅቷ ጡት ለመጥባት ስለደከመች ነርሷ ልቧ መታየት አለበት አለችን። ደብረ ብርሃን ሄድን። ያያት ሐኪም ልቧ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፣ ስታድግ ይዘጋል ብዬ አስባለሁ አለን፤ እንዳለውም ሆነ። ከዚያ በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናቴ ልጅቷን አዝላ አብራን ነበረች። ወንድሜ አለች። ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ቀና አለ። የፅንስ መውረድ ነበረ ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀ። እኔም እናቴም ነበረ አልን። ይህን ነገር በደንብ የሚያውቁ አንድ ዶክተር አዲስ አበባ አሉ፤ ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት እሳቸውን እዩ አለን።

ዶክተሩ ሽበት የወረራቸው፣ ቀስ ብለው የሚያወሩ ሰው ነበሩ። የልጅቷን፣ የእኔን፣ የባለቤቴን፣ የእናቴንም ደም አስቀዱ። ምርመራው በዚያን ጊዜ አገር ውስጥ ስላልነበረ ደሙ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። እናቴ ደሟ በአውሮፕላን እንደሚሄድ ስትሰማ፣ እኔ ያላየሁትን አገር ደሜ ሊያይ ነው አለች። ውጤቱ እስኪመጣ ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

ስንመለስ አራታችንም፣ ማለት ከነልጅቷ፣ ከዶክተሩ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥን። ዶክተሩ በሰውነታችን ሕዋሳት ሁሉ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባል ክር መሳይ ነገር አለ ብለው ጀመሩ። ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ስንወልድ ደግሞ ከየጥንዱ አንዱን ለልጃችን እንሰጣለን። ከዚያ ወረቀት ቀደዱና ሁለት ረጃጅም፣ ሁለት አጫጭር ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ረጃጅሞቹ አሥራ አራተኛው ጥንድ ናቸው አሉ፤ አጫጭሮቹ ሃያ አንደኛው።

"ያንቺን ደግሞ እይ" አሉኝ። ከአጫጭሮቹ አንዱን አንስተው ከአንዱ ረጅም ራስ ጋር በፕላስተር አጣበቁት። ከአራት ቁራጭ ሦስት ሆነ። "ምንም የጎደለሽ ነገር የለም። ቦታው ነው የተለወጠው። ለዚህ ነው አንቺ ጤነኛ የሆንሽው።"

ከዚያ ወረቀቶቹን እያነሱ አሳዩን። ያልተጣበቁትን ረጅምና አጭር የሰጠሽው ልጅ እንደ ማንኛውም ሰው ይሆናል። የተጣበቀውን ብቻ የሰጠሽው ልክ እንደ አንቺ ጤነኛ ሆኖ፣ እንደ አንቺ ተሸክሞት ይኖራል። የተጣበቀውን ሰጥተሽ ነጠላውን አጭርም ከጨመርሽበት፣ ካባቱ ከሚመጣው ጋር ሃያ አንደኛው ሦስት ይሆናል፤ የልጅሽ እንዲህ ነው፣ ዳውን ሲንድረም የሚባለው ይህ ነው። በሌላ መንገድ የተሰጡት ግን አይጸኑም፣ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ እጄን ሆዴ ላይ ማድረጌ ትዝ ይለኛል።

ብዙውን ጊዜ ዳውን ሲንድረም እንዲህ በዘር የሚመጣ አይደለም፣ ድንገት የሚሆን ነው፤ የእናንተ ግን ከጥቂቶቹ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። የእርስዎም እንደ ልጅዎ ነው እማማ አሏት። ለወንድምዎም ለእርስዎም የመጣው ከእናታችሁ ወይ ከአባታችሁ ነው፤ በእርስዎ ላይ ተደብቆ አለፈ፣ በእሳቸው ላይ ታየ።

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ይህ ነገር በበግም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ባለ ሰዓት በግ ማንሳቱ አሳፍሮኝ እግሩን በእግሬ ነካሁት። ዶክተሩ ግን ጥያቄውን ወደዱት። አለ፣ በበግም በከብትም ክሮሞዞሞች እንዲሁ ተጣብቀው ተገኝተዋል አሉ። እናቴ "በበግም?" አለች። አዎ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ከገባንበት ሰዓት ጀምሮ ፊቷ ትንሽ የተፈታው ያኔ ነው።

ልንወጣ ስንል እናቴ አልተነሳችም።

"ዶክተር፣ ታዲያ ውሃው አይደለም ማለት ነው?"

"የምን ውሃ እማማ?"

"ይተዉት። ከውጭ የመጣ አይደለም ወይ፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ። እርጉዟ ሴት በሄደችበት፣ ባደረገችው የመጣ አይደለም?"

"በጭራሽ አይደለም" አሉ ዶክተሩ። "እናትዎ ምንም ቢያደርጉ፣ የትም ቢሄዱ ያው ነበር። ገና ሳይፀነስ ያለቀ ነገር ነው።"

እናቴ አመሰገነቻቸውና ተነሳች።

ባለቤቴ ለልጅቷ ወተት ሊፈልግ ሲሄድ ከግቢው ጥድ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ልጄ እናቴ ጀርባ ላይ ተኝታለች። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ፣ እኔን ሳታየኝ መናገር ጀመረች።

አጎቴ ሊወለድ ሰሞን እሷ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ወሯ የገባ እርጉዝ ነበረች። ጠዋት ውሃ ቅጂ ብላ ላከቻት። ጎረቤት ሠርግ ስለነበረ ልጃገረዶቹ ፀጉር ይሠራሩ ነበር። እናቴም እንስራዋን አጥር ሥር አስቀምጣ ተራ ያዘች። ሹሩባው አልቆ ስትመለስ ፀሐይ አናት ላይ ነች፤ እንስራው ካስቀመጠችበት የለም። እናቷ ጠብቃ ጠብቃ ራሷ ወርዳለች። በቀትር፣ ብቻዋን። ተመልሳ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ልጁ ሲወለድና ሰዎች ሲያዩት፣ ቀትር መትቷታል የሚለው ወሬ ወዲያው ተነሳ። ለምን በዚያ ሰዓት ወረድሽ ብሎ እናቷን የጠየቀ ሰው የለም፤ እናቷም ልጄን ልኬ ቀረችብኝ ብላ ለማንም አልተናገረችም።

"አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም" አለች እናቴ። "አንድ ቀን። እኔ ግን አውቅ ነበር። ሹሩባዬን የዚያኑ ቀን ፈታሁት።"

ከዚያ በኋላ ወንድሟን ከጀርባዋ አላወረደችውም። እናቷ ስትሞትም አደራ አላለቻትም፤ መናገርም አላስፈለጋት። አባቴን ያገባችበት ቃል፣ ክረምት ከበጋ የእሱን ልብስ ከእኛ ልብስ አስቀድማ ማጠቧ፣ ጥሩ ጥሩውን ለእሱ ማስቀመጧ፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራው አለማወቋ፤ እኛ ልጆቿ የእሷ ጠባይ ነው ብለን ያለፍነው ሁሉ ያን ጊዜ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ለአባቴስ ነግረሽዋል ወይ አልኳት። ለማንም አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴ ብቻ አለች።

እጇን ያዝኩ። እጇ ከፀጉር መፍተል ብዛት የሻከረ ነው።

"አሁን ደግሞ ላንቺ ከእኔ መጣ" አለችኝ።

"ላንቺስ ከእናትሽ ወይ ከአባትሽ አይደል የመጣው? ለእነሱስ ከማን እንደመጣ ማን ያውቃል? እንደያዝሽው እንኳ ያላወቅሽውን ነገር ሰጠሽኝ ብዬ ልውቀስሽ?"

"እናቴ ይህን ሳትሰማ ሞተች" አለች። "እሷም ለምን ወረድኩ እያለች ይሆናል የሞተችው። እኔ እሷን ስፈራ፣ እሷ እኔን ስትፈራ።"

አለቀሰች። ብዙ አልቆየችም። ልጄ ጀርባዋ ላይ ተነቃነቀችና እናቴ እሹሩሩ እያለች ተነስታ ከጥዱ ሥር ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች።

በማግስቱ ተሳፈርን። ጣርማበር ላይ ጉም ነበር፤ ሞላሌ ስንደርስ ግን ፀሐይ ወጥታ ጭቃውን ማድረቅ ጀምራለች። አጎቴ ከአባቴ ጋር አውቶብሱ የሚቆምበት ቦታ ይጠብቀን ነበር። አዲሱን ጋቢውን ደረቱ ላይ ጠቅልሎ ታቅፏል። እናቴ ለፋሲካ ያሠራችለት፣ አንድ ቀን ብቻ የለበሰው ጋቢ ነው። ስንወርድ ጋቢውን ገለጠው። ውስጡ የዚያን ዕለት የተወለደ፣ ገና ያልደረቀ ግልገል ነበር፤ ለልጄ ሊያሳያት ይዞት መጥቷል። ጋቢው ደምና ጭቃ፣ ሌላም የማልጠራው ነገር ሆኗል።

እናቴ ጋቢውን አየች። ከዚያ ተቆጣችው።

"አዲስ ጋቢ እኮ ነው። አሮጌ ባና ሞልቶ የለም እንዴ? ይህን ማን ያጥበዋል? አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ።" እንዲህ እያለች ግልገሉን ለአባቴ ሰጠችና ጋቢውን ከእጁ ነጥቃ አራገፈችው። እስከዚያ ቀን እናቴ ወንድሟን ስትቆጣው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባቴም ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፤ ግልገሉን ታቅፎ አፉን ከፍቶ ቀረ። አጎቴ ደግሞ የሰማው ነገር ለሌላ ሰው የተባለ ይመስል ዞሮ ከኋላው ያለውን ሰው ፈለገ። ማንም አልነበረም።

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን አኮረፈ። እናቴ ያቀረበችለትን የሚበላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ግን ላገኘው ነጋዴ ሁሉ እህቴ ተቆጣችኝ እያለ ሲናገር አባቴ ሰማው። በመጀመሪያ ለአቤቱታ ነበር የሚናገረው፤ ወደ ከሰዓት ላይ ግን እንደ ትልቅ ወሬ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ ማውራት ጀመረ ይላል አባቴ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ማንኛውም እህትና ወንድም ሆኑ። እሷ ትቆጣለች፣ እሱ ያኮርፋል፣ ይታረቃሉ። አንዳንዴ እሱም ይቆጣታል። ቤቱ ከዚያ በፊት ከነበረው ይልቅ ጫጫታው በዛ፤ እናቴም ትንሽ ወፈረች።

የቀረው የእህቴ ነገር ነበር። ያን ጊዜ የሞላሌ ልጅ የሆነ፣ ጨርቅ የሚነግድ ወጣት ጠይቋት የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። ዶክተሩ እህትሽም ተሸክማው ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ብታውቀው ይሻላታል ብለውኛል። እናቴ ንገሪያት አለች፤ ተደብቆ የኖረ ነገር እኔ ጠግቤያለሁ አለች። ነገርኳት። እህቴ ሰምታኝ ስታበቃ ነጠላዋን አነሳችና ማንንም ሳታማክር ወደ እጮኛዋ ሱቅ ሄደች። የነገረችውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ፣ አጎትሽን ካንቺ በፊት ነው የማውቀው፣ ገበያ ላይ ጨርቄን ሲያወርድልኝ ነው የኖረው፤ እንደ እሱ ያለ ልጅ ቢወለድልን ከቤታችሁ ሰዎች የባሰ አናሳድገውም አላት። እናቱ ለጥቂት ጊዜ ቅር ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ተዉት።

ከሠርጉ በኋላ እህቴም ደሟን ሰጠች። ውጤቱን አብረን ነው የሰማነው። የእሷ ጥንዶች ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ ያልተጣበቁት ናቸው የደረሷት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ እህቴ አለቀሰች። ምነው አልኳት። "አንቺና እማዬ አንድ ላይ ናችሁ" አለችኝ፤ "እኔ ብቻዬን ቀረሁ።" እየሳቅሁ አቀፍኳት፤ ግን ያለችው ገብቶኛል።

እናቴ የዶክተሩን ነገር ለመንደሩ ሴቶች ትነግራቸው ነበር። ቀትር አይደለም፣ በዘር የሚሄድ ነው፣ በበግም አለ ትላቸዋለች። ያመኑም ነበሩ፣ ያላመኑም ነበሩ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ባልቴት፣ ነገሩን እንዲህ እያቀለላችሁ እርጉዝ ሴት በቀትር ወንዝ ልትሰዱ ነው ብለው ቅር አላቸው። እናቴ አልተከራከረቻቸውም። ነገሩን በእሳቸው ፊት መናገር መቻሏ ብቻ በቂዋ ነበር፤ ከዚያ በፊት ወሬው ሲነሳ ተነስታ የምትሄደው ሴት አሁን ተቀምጣ ትመልሳለች።

እኔና ባለቤቴ ሌላ ልጅ ስለመውለድ ብዙ ተነጋገርን። ዶክተሩ ውሳኔው የእናንተ ነው፣ ጤነኛ ልጅ የመውለዳችሁ ዕድል ሰፊ ነው ብለውን ነበር። አንዳንድ ቀን እሱ ይፈራል፣ እኔ አጽናናዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔ ነኝ የምፈራ። የምፈራው ግን እንደ ልጄ ያለ ልጅ መምጣቱን አልነበረም፤ እንደገና እንዳይወርድብኝ ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ወረደብኝ። ከዚያ በኋላ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ጤነኛ ነው። ተሸክሞት እንደሆነ አላስመረመርነውም፤ ትልቅ ሲሆን የሆነውን ሁሉ እንነግረዋለን፣ ራሱ ይወስን።

አጎቴ የሞተው ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው። ሳንባውን ታሞ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ሬሳውን ለማጀብ የሞላሌ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ፤ ለሀብታም ሰው እንኳ እንዲህ አይደረግም ብሎ አባቴ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እናቴ አልጋው አጠገብ ሆና እስከ መጨረሻው እያወራችው ነበር። ስለ በጎቹ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ዝናቡ። በልቅሶው ላይ ከሙሾው በስተቀር የራሷን ነገር አልጨመረችም። ከአርባው በኋላ ልብሱን ስታካፍል ግን አንድ ካልሲ ብቻ አስቀረች፤ ምን ያደርግልሻል ስላት አላውቅም አለችኝ።

ልጄ ትምህርት የጀመረችው ከእድሜ እኩዮቿ ዘግይታ ነው፤ አንደኛ ክፍልንም ደጋግማለች። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ስለሆነ የሚያስቸግራት ቢኖር እሰማለሁ። ፊደሏን ቀስ እያለች ለየች። ቁጥር አይሆንላትም። ሰው ማወቅ ግን ይሆንላታል፤ የክፍሏን ልጆች ሁሉ ከነእናታቸው፣ ከነበጋቸው ለይታ ታውቃለች። ስታወራ ቃል ትውጣለች፤ ወንድሟ ግን አፉን የፈታው ከእሷ ጋር ስለሆነ ሁሉም ይገባዋል።

ጠዋት ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። ክረምት ሲሆን መንገዱ ያዳልጣል፤ እሷ ከፊት ሆና እጁን ይዛ ትወስደዋለች። እሱ ውሻ ይፈራል። ከአንዱ ግቢ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ የግቢው ጥቁር ውሻ ደጅ ካለች ልጄ ትቆምና ወንድሟን ወደ ሌላው ጎኗ ታዞረዋለች፤ ውሻዋን በጣቷ እየጠቆመች ታናግራታለች። ምን እንደምትላት እነሱን ከማይበት ከደጃፌ አይሰማኝም። ውሻዋ ግን ትቀመጣለች፤ እነሱም ያልፋሉ።